የመረጋጋት ርቀት ምንድን ነው? የሃይላንድ ሮኬት ለምን ይገለበጣል?

የሃይላንድ ሮኬት የሠራ ልጅ ሁሉ ይህ ገጥሞታል። ጠርሙሱ አንድ ሦስተኛ ውሃ ይሞላል፣ በብስክሌት ፓምፕ ንፋስ ይጨመርበታል፣ ይለቀቃል። አንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሌላው ጥቂት ሜትር እንደሄደ አየር ላይ መገለባበጥ ይጀምርና ፍጥነቱን ጨርሶ ይወድቃል። ያኔ ከዳር የቆመ ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ «አቦ ክንፉን አሳድገው!» አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ክንፉ አድጎም ሮኬቱ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የክንፉ መጠን ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ ርቀት ነው። ክንፍ ያለው የሚወረወር ነገር ሁሉ፣ ፍላጻም ይሁን ሮኬት፣ በአፍንጫው ቀድሞ የሚሄደው በአካሉ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲቀመጡና በመሀላቸው በቂ ርቀት ሲኖር ነው። ይሄ ርቀት ነው የመረጋጋት ርቀት የሚባለው።

የመጀመሪያው ነጥብ የክብደት ማዕከል ነው። ሮኬቱን ጣታችሁ ላይ አጋድሙት፤ ወደ አንዱ ጎን ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። አየር ላይ ያለ ነገር ሲዞር የሚዞረው በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ሁሉም ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው የግፊት ማዕከል ነው። ሮኬቱ ፍጹም ቀጥ ብሎ ሲሄድ አየሩ ከፊት ብቻ ነው የሚመጣው። ትንሽ ሲዘነብል ግን አየሩ ከጎንም መግፋት ይጀምራል፦ አፍንጫውን ይገፋል፣ ክንፎቹን ይገፋል። እነዚህን የጎን ግፊቶች ደምራችሁ በአንድ ቦታ ላይ እንዳረፈ አንድ ግፊት ልታስቡት ትችላላችሁ። ያ ቦታ የግፊት ማዕከል ነው።

አሁን ድሬዳዋ፣ መገላ ሰፈር ውስጥ ክፍት የተተወ የላሜራ በር አስቡ። ንፋስ ሲመጣ በሩ ይወዛወዝና በመጨረሻ ንፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዞሮ ይቆማል፤ ማጠፊያው ከንፋሱ በኩል፣ ሰፊው ላሜራ ከኋላ። በሮኬቱ ላይ ማጠፊያው የክብደት ማዕከሉ ነው፣ ንፋሱ የሚይዘው ላሜራ ደግሞ የግፊት ማዕከሉ። ስለዚህ የክብደት ማዕከሉ ከፊት፣ የግፊት ማዕከሉ ከኋላ ከሆኑ፣ ሮኬቱ ባዘነበለ ቁጥር አየሩ ራሱ ጭራውን ገፍቶ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያው አየር አፍንጫውን ይገፋና ትንሿን መዘንበል ትልቅ ያደርጋታል። መገለባበጥ ማለት ይሄ ነው።

ርቀቱ ስንት ይሁን? በሞዴል ሮኬት ሰዎች ዘንድ የተለመደው መለኪያ የራሱ የሮኬቱ ውፍረት ነው። በሁለቱ ነጥቦች መሀል ቢያንስ የአካሉ 1 ውፍረት፣ ቢበዛ ደግሞ 2 ያህል እንዲኖር ይፈለጋል። የአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ውፍረቱ 9 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የምንፈልገው ከ9 እስከ 18 ሳንቲም ነው።

በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። 40 ሳንቲም ርዝመት፣ 100 ግራም ክብደት ያለው ባዶ ሮኬት አለን እንበል። የክብደት ማዕከሉ ከአፍንጫው 24 ሳንቲም ላይ ነው፣ የግፊት ማዕከሉ 28 ላይ። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ርቀቱ ግን 4 ሳንቲም ብቻ ነው፣ ከግማሽ ውፍረት በታች። ይሄ ሮኬት አንዳንዴ ይሄዳል አንዳንዴ ይገለበጣል፣ እና ባለቤቱን የሚያናድደውም ይሄው አንዳንዴው ነው።

ክንፍ እናሳድግ። ተጨማሪው ካርቶንና ፕላስተር 20 ግራም ቢመዝንና ከአፍንጫው 36 ሳንቲም ላይ ቢለጠፍ፣ የክብደት ማዕከሉ ራሱ ከ24 ወደ 26 ይሸሻል። የግፊት ማዕከሉ ወደ ኋላ መሄዱ እውነት ነው፣ ግን ካገኘነው ትርፍ ላይ 2 ሳንቲም ወዲያው ተቀነሰ። በዚያ ላይ ትልቅ ክንፍ አየር ይይዛል፣ ካርቶን ከሆነ ደግሞ ይረጥባል፣ ይርገበገባል።

አሁን ክንፉን እንዳለ ትተን 40 ግራም ጭቃ አፍንጫው ውስጥ እንለጥፍ፣ ከጫፉ 2 ሳንቲም ላይ። 100 በ24 ሲባዛ 2400፣ 40 በ2 ሲባዛ 80፤ ድምሩ 2480 ለ140 ሲካፈል 17.7 ይመጣል። የክብደት ማዕከሉ በአንዴ 6 ሳንቲም ወደ ፊት ሄደ። ከ28 ላይ ስንቀንስ ርቀቱ 10.3 ሆነ፣ ከ1 ውፍረት በላይ። በትንሽ ጭቃ! ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ከክንፍ በፊት አፍንጫ የምለው። የጥንቱ ጦርም ክንፍ የለውም፤ ብረቱ ከፊት ስለሆነ የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት ተጎትቷል፣ ረጅሙ እንጨት ከኋላ ሆኖ አየሩን ይይዛል። ያው ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ ይጠይቃል፦ ውሃውስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ 500 ግራም ነው፣ ከሮኬቱ በላይ ይመዝናል፣ ያለውም ታች አፉ አካባቢ ነው። መሀሉ ከአፍንጫው 33 ሳንቲም ላይ ነው ብለን ጭቃ ከለጠፍንበት ሮኬት ጋር ብንደምር የጠቅላላው የክብደት ማዕከል 30 ሳንቲም ገደማ ላይ ይወድቃል፤ ከግፊት ማዕከሉ ኋላ! ማለትም ሮኬቱ በተለቀቀባት ቅጽበት የተረጋጋ አይደለም። የሚያድነው ጊዜው ማጠሩ ነው። በሰፊው የጠርሙስ አፍ ውሃው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወጥቶ ያልቃል፣ ለመገልበጥ ጊዜ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ ጉዞ በባዶ ጠርሙስ ነው፣ የምናሰላውም ባዶውን ነው። አፉን በጠባብ ቀዳዳ የምትተኩ ግን ተጠንቀቁ፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲወጣ ያ አደገኛ ቅጽበት ይረዝማል።

የክብደት ማዕከልን በጣት ማግኘት ይቻላል። የግፊት ማዕከልን ግን እንዴት? ቀላሉ መንገድ የሮኬቱን የጎን ቅርጽ ክንፉን ጨምሮ በካርቶን ላይ መሳል፣ መቁረጥና ካርቶኑን ጣት ላይ ማመጣጠን ነው። ካርቶኑ የሚቆምበት ቦታ ሮኬቱ ሙሉ በሙሉ በጎኑ ቢሄድ የሚኖረውን የግፊት ማዕከል ይሰጣችኋል። በትንሽ ዝንባሌ ግን እውነተኛው ነጥብ ከዚያ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ የሚሳሳተው ወደ ጥንቃቄው በኩል ነው፤ በካርቶኑ የተረጋጋ ሮኬት በእውነትም የተረጋጋ ነው።

የተሻለውን ስሌት ያመጣው ጄምስ ባሮማን ነው። ናሳ ውስጥ በምርምር ሮኬቶች ላይ ይሠራ ነበር፣ በ1966 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ደግሞ ይህን ስሌት ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች በሚመች መልክ አቀረበላቸው። ከሱ የምንማረው ትልቁ ነገር፣ ዝንባሌው ትንሽ ሲሆን ቀጥ ያለው የጠርሙሱ ግንድ ለጎን ግፊት የሚያበረክተው እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ነው። ሥራው ያለው አፍንጫውና ክንፎቹ ላይ ነው። አፍንጫው የግፊት ማዕከሉን ወደ ፊት ይጎትታል፣ ክንፎቹ ወደ ኋላ፤ ትግሉ በነሱ መሀል ነው። ለዚህም ነው ክንፍ ግንዱ መሀል ላይ መለጠፍ የማይጠቅመው። ወደ ጭራው ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ያው ክንፍ የበለጠ ይሠራል።

ስሌት ለማይወድ ሌላ ፈተና አለ። ባዶውን ሮኬት ልክ በክብደት ማዕከሉ ላይ በሲባጎ እሰሩት፣ ሲባጎውን ሁለት ሜትር አድርጉትና ራሳችሁ ላይ አዙሩት። አፍንጫው ቀድሞ ከዞረ ጨርሳችኋል። በጭራው ወይም በጎኑ ከዞረ አፍንጫው ላይ ጭቃ ጨምሩ። በቤቶች መሀል አታድርጉት፣ ሰው ይመታል።

አንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አለ፦ የሚገፋው ኃይል ከላይ ከሆነ ሮኬቱ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ቀጥ ይላል የሚል። ይህን ትልልቅ ሰዎችም አስበውታል። አሜሪካዊው የሮኬት ተመራማሪ ሮበርት ጎዳርድ መጋቢት 16 ቀን 1926 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በማሳቹሴትስ፣ ኦበርን ውስጥ የመጀመሪያውን የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ሲያስነሳ ሞተሩን ያስቀመጠው ከላይ፣ ታንከሮቹን ከታች ነበር። ሮኬቱ 2.5 ሰከንድ በረረ፣ 12.5 ሜትር ያህል ወጣ፣ 56 ሜትር ርቆ ወደቀ። ታሪክ ተሠራ፣ መረጋጋቱን ግን ሞተሩ ከላይ መሆኑ አላመጣውም፤ ጎዳርድም በኋላ ሞተሩን ወደ ታች አወረደው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተንጠለጠለ ነገር ቀጥ የሚለው የተሰቀለበት ቦታ ስለማይንቀሳቀስ ነው። ሞተሩ ግን ከሮኬቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሮኬቱ ሲዘነብል ግፊቱም አብሮ ይዘነብላል። ስለዚህ ግፊቱ ሮኬቱን ወደ መስመሩ አይመልሰውም። የሚመልሰው አየሩ ነው፣ አየሩ ደግሞ የሚሠራው በሁለቱ ነጥቦች ርቀት ነው።

ርቀቱ ሲበዛስ? ይህም ችግር አለው። ሮኬቱ የሚከተለው ሰማይን ሳይሆን ወደሱ የሚመጣውን አየር ነው። ሲነሳ ገና ቀርፋፋ ስለሆነ የጎን ንፋስ ትልቅ ድርሻ ይኖረዋል፣ ስለዚህ አፍንጫው ንፋሱ ወደመጣበት ይዞራል። ብዙ ሰው ንፋሱ ገፍቶ ይወስደዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ሮኬቱ ግን ንፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። የመረጋጋት ርቀቱ 3 ወይም 4 ውፍረት ከሆነ መዞሩ ይብሳል፣ ከፍታ ይጠፋል። ንፋስ ባለበት ከሰዓት ከመታገል ጠዋት ማስነሳት ይሻላል።

የክንፍ ቁጥር ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ሁለት ክንፍ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያረጋጋው፣ በሌላው ይለቀዋል። ሦስት በእኩል ርቀት ይበቃል፣ አራትም ጥሩ ነው። ክንፎቹን በጥቂት ዲግሪ አዘንብሎ መለጠፍ ሮኬቱን ቀስ አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ ያኔ አንዱ ክንፍ ትንሽ ጠማማ ቢሆን እንኳ ስህተቱ በሁሉም አቅጣጫ ይከፋፈላል። የጥይት መሽከርከር ግን ሌላ ነው። ጥይት ክንፍ የለውም፣ የግፊት ማዕከሉም ከክብደት ማዕከሉ ፊት ነው፤ ቀጥ የሚያደርገው እጅግ ፈጣን መሽከርከሩ ብቻ ነው። ሁለቱን አታደባልቁ።

ስለ ድሬና ሐረር ደግሞ አንድ የማይወራ ነገር ልንገራችሁ። ክንፍ የሚሠራው በአየር ነው፣ አየሩ ከሳሳ ኃይሉም ይሳሳል። በባሕር ጠለል በመደበኛ ሙቀት የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1.225 ኪሎ ግራም ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በ35 ዲግሪ ሙቀት 1 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግን ቀዝቀዝ ስለምትል በ20 ዲግሪ 0.96 ያህል ይመጣል። አንዷን ሙቀት፣ አንዷን ከፍታ አሳስቷቸው ሁለቱ ከተሞች ተቀራርበው ቁጭ አሉ! ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የክንፉ መመለሻ ኃይል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ደስ የሚለው፣ የሁለቱ ነጥቦች ቦታ በአየሩ መሳሳት አይለወጥም። ስሌታችሁ እንዳለ ይሠራል፤ የሚለወጠው የመመለሻው ጉልበት ነው።

ያ ጉልበት ደግሞ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፦ ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 3 በ3 ይባዛል። በሰከንድ 15 ሜትር የሚሄድ ሮኬት ክንፉ፣ በሰከንድ 5 ሜትር ከሚሄደው 9 እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ሮኬቱ ፍጥነት እስኪይዝ የሚመራው ነገር ያስፈልገዋል፦ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ወይም በዙሪያው የቆሙ ሦስት ሸንበቆዎች። ግማሽ ሜትር መመሪያ ብዙ ነገር ያስተካክላል። ማስነሻውን መሬት ላይ በደንብ ትከሉት፣ ንፋስ ስትሞሉ ፊታችሁን አታስጠጉት፣ በረጅም ገመድ ከሩቅ ልቀቁት። በድሬ መሀል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ በክረምት ግን አትውረዱ፣ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ምን እንዳደረገ ድሬ ያውቃል። ክረምት ላይ ከፍ ያለ ሜዳ ፈልጉ፣ መመሪያ ዘንጉንም ለስላሳ መሬት ስለሚያዘነብለው በየማስነሻው ቀጥታውን እዩት።