ሚዲየም ፎርማት ወይስ ላርጅ ፎርማት?

በፊልም ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ከ35 ሚሊ ሜትሩ ካሜራ ከፍ ማለት ሲያምረው ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል፤ ሚዲየም ፎርማት ወይ ላርጅ ፎርማት። ሁለቱም ከ35 ሚሊ ሜትሩ ሰፋ ያለ ፊልም የሚጠቀሙ ካሜራዎች ናቸው፤ ላርጁ ይበልጥ ይሰፋል። ብዙው ክርክር ስለ ኔጌቲቭ (ምስሉ ተገልብጦ የሚቀርበት የታጠበ ፊልም) ስፋት ነው። እንደ እኔ ግን ስፋቱ ሁለተኛ ነገር ነው።

ሚዲየም ፎርማት 120 የሚባለውን ጥቅል ፊልም ይጎርሳል። ኮዳክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፣ ዛሬም ይሸጣል። ከአንድ ጥቅል ስንት ፎቶ እንደሚወጣ የሚወስነው ካሜራው ነው፤ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳው ሃሰልብላድ 12፣ 6 በ7 የሚያነሳው ማሚያ አርቢ67 ደግሞ 10 ያወጣል። ሃሰልብላዱን በእጅ ይዞ መዞር ይቻላል። ማሚያውን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ከዋልክ ግን ማታ ወጌሻ ያስፈልግሃል።

ላርጅ ፎርማት ፊልሙ በነጠላ የተቆረጠ ነው። የተለመደው 4 በ5 ኢንች ሲሆን፣ ጉልበትና ገንዘብ ላለው 8 በ10 አለ። ፊልሙን መያዣው ውስጥ የምትከተው ድፍን ጨለማ ውስጥ በዳበሳ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያሉትን ትናንሽ ጥርሶች ከላይ በቀኝ ጥግ ካገኘሃቸው ብርሃን የሚቀበለው ፊት ወደ አንተ ዞሯል ማለት ነው። ከዚያ ትራይፖድ መትከል፣ ጥቁር ጨርቅ መከናነብ፣ ፍዙ መስታወት ላይ ተዘቅዝቆ የሚታየውን ምስል በማጉያ እያዩ ማጥራት፣ ሸተሩን (ሌንሱ ላይ ያለውን የብርሃን መዝጊያ) መዝጋት፣ መያዣውን ማስገባት፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደውን መከለያ መሳብ። ሸተሩን ሳትዘጋ መከለያውን ከሳብክ ፊልሙ ተቃጠለ፣ አለቀ። ይህ ሁሉ ለአንድ ፎቶ!

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከመንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ በ8 በ10 ሲያነሳ፣ ለሁለተኛው ፎቶ መያዣውን እስኪገለብጥ የጀምበሯ ብርሃን ከመንደሩ መቃብር መስቀሎች ላይ ጠፋ። አንድ ኔጌቲቭ ብቻ ተረፈው። ያው ሰው ኋላ ላይ በሃሰልብላድም ያነሳ ነበር።

ስፋቱን ካነሳን፣ የ6 በ7 ኔጌቲቭ ከ35 ሚሊ ሜትሩ አራት እጥፍ ተኩል ግድም ነው፣ 4 በ5 ደግሞ 13 እጥፍ ግድም። ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል መጠነኛ ፎቶ ግን ልዩነቱን አጠገቡ ቆሞ የሚለይ ሰው ብዙ አይደለም።

ላርጅ ፎርማት በእውነት የሚበልጠው ወናፉ፣ ማለትም ካሜራው መሃል ያለው ተጣጣፊ ክፍል፣ ላይ ነው። ሌንሱና ፊልሙ በወናፍ ስለሚገናኙ እያንዳንዱን ለብቻው ማንቀሳቀስ ይቻላል። ፎቅ ለማንሳት ካሜራህን ወደ ላይ ስታቀና ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል አይደል? እዚህ ካሜራውን ቀጥ አድርገህ ሌንሱን ብቻ ከፍ ታደርጋለህ፣ ሕንፃው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሌንሱን ወደ ፊት ዘንበል ካደረግከው ደግሞ እግርህ ስር ካለው ድንጋይ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ጥርት ይላል። አብዛኞቹ ሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች ይህን አይችሉም።

ስለዚህ ሰው፣ ልጅ፣ ሰርግ የምታነሳ ከሆነ ሚዲየም ግዛ፣ ብዙ አታስብ። ሕንፃና መልክዓ ምድር ከሆነ 4 በ5ን አስብበት። የፊልሙ ዋጋ ካስፈራህ 120 ጥቅል የሚይዝ ጀርባ ተገዝቶ ይገጠምለታል፤ የወናፉን ጥቅም ሳታጣ 6 በ7 ታነሳለህ። ትራይፖዱን መሸከም ግን አይቀርልህም።