ኮኩ ምንድን ነው? ዓመታዊ ገቢ አለመሆኑስ?

«ቶኩጋዋ ኢዬያሱ 2.5 ሚሊዮን ኮኩ ነበረው፣ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ 2.2 ሚሊዮን ብቻ፤ ስለዚህ ሀብታሙ ኢዬያሱ ነው።» ስለ ሂዴዮሺ በተወራ ቁጥር ይህን የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። (ሂዴዮሺ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃፓንን የገዛ ሰው ነው፤ ኢዬያሱ በሥሩ ከነበሩት መሳፍንት ኃያሉ።) ቁጥሮቹን በግምትነታቸው እቀበላለሁ። «ስለዚህ» የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም።

ኮኩ የስፍር መለኪያ ነው፤ ወደ 180 ሊትር ይይዛል። ሩዝ ከሆነ 150 ኪሎ ገደማ ይመጣል። (የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን ስላልነበረ ኪሎው እንደ ሩዙ ዓይነት ከፍና ዝቅ ይላል።) ከአንድ መስፍን ስም አጠገብ ሲጻፍ ግን የሚናገረው በግዛቱ ያለው መሬት ሁሉ በመዝገብ የተገመተበትን ምርት ነው። መስፍኑ ጎተራ ስለገባው ሩዝ ምንም አይልም።

የ50 ኩንታል አይሱዙን አስቡ። ሃምሳው የመኪናው የመጫን አቅም ነው፤ ባለቤቱ ስንት ብር እንዳገኘ ከዚያ አይታወቅም። 60 ቢጭንም፣ ባዶውን ቢቆምም በወረቀት ላይ ያው 50 ነው። ለአስቸኳይ ስምሪት ሲጠራ ደግሞ የሚታዘዘው በዚያው ቁጥር ነው። ኮኩም በዋናነት የስምሪት ቁጥር ነበር። በ1592 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሂዴዮሺ ኮሪያን ሲወር የደቡቡ ደሴት የኪዩሹ መሳፍንት በየ100 ኮኩ 5 ሰው እንዲያሰልፉ ታዘዙ። በዚያው ደሴት የሂጎ መስፍን የነበረው ካቶ ኪዮማሳ 195 ሺህ ኮኩ ገደማ ነበረው፤ ይዞ የዘመተውም 10 ሺህ ሰው ነው። ማስላት ነው።

ቁጥሩ የሚወጣው ከማሳ ነው። ከ1582 ጀምሮ የሂዴዮሺ ቀያሾች 6 ሻኩ ከ3 ሱን (የጃፓን የርዝመት መለኪያዎች ናቸው)፣ ማለትም 191 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ ይዘው በየመንደሩ ገቡ። አንድ ዘንግ በአንድ ዘንግ አንድ ቡ ይባላል፤ 300 ቡ አንድ ታን ነው። ቀድሞ ታን 360 ቡ ስለነበር ማሳው ስንዝር ሳይጨምር የታኑ ቁጥር ያድጋል። ቀጥሎ ደረጃ ይወጣል፦ ምርጥ የሩዝ ማሳ በታን 1.5 ኮኩ፣ መካከለኛው 1.3፣ ዝቅተኛው 1.1። ሩዝ የማይበቅልበት ደረቅ ማሳና የቤት ቦታ ሳይቀር በሩዝ ተተምኖ ይገባል። ይህን የዘነጋ ሰው ኮኩን ሁሉ ሩዝ ያደርገዋል። መስፈሪያውም በኪዮቶው ሣጥን ልክ ተወሰነ፤ የየአካባቢው ሣጥን የተለያየ ስለነበር ያለዚህ ድምሩ ዋጋ አይኖረውም።

በ1594 በደቡብ ኪዩሹ ለነበረው የሺማዙ ቤተሰብ ግዛት ልኬታ ያገለገለው መለኪያ እንጨት ዛሬም ካጎሺማ ይገኛል። ላዩ ላይ ሁለት የመስቀል ምልክቶች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሻኩ ነው፤ የሂዴዮሺ ሹም የነበረው የኢሺዳ ሚትሱናሪ ፊርማም አለበት። በዚያ ልኬታ የሺማዙ ኮኩ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ግዛቱ ግን አልሰፋም። (ሁሉም ቦታ በዘንግ አልተለካም፤ መሳፍንቱ ራሳቸው ዝርዝር ያቀረቡባቸው አካባቢዎች ስላሉ የሁለት ግዛት ቁጥር ሲነጻጸር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።)

ወደ ኢዬያሱ ልመለስ። የ2.5 ሚሊዮኑ አንድ ክፍል ለአሽከሮቹ የተሰጠ መሬት ነው፦ ኢይ ናኦማሳ 120 ሺህ፣ ሆንዳ ታዳካትሱና ሳካኪባራ ያሱማሳ 100 ሺህ፣ 100 ሺህ። ከሦስቱ ብቻ 320 ሺህ ይቀነሳል። ከቀረውም ላይ ገበሬው ድርሻውን ይወስዳል፤ የ1586ቱ የሂዴዮሺ ደንብ እንኳ ሁለት ሦስተኛውን ለጌታ፣ አንድ ሦስተኛውን ለአራሹ ነበር ያደረገው። በሌላ በኩል ሂዴዮሺ ኦሳካን፣ ሳካይንና ናጋሳኪን፣ የኢኩኖን የብር ማዕድንም በቀጥታ ይዞ ነበር። ብርና የወደብ ንግድ የኮኩ መዝገብ ውስጥ አይገቡም። ሁለቱን በኮኩ ብቻ ማወዳደር የሂዴዮሺን ካዝና ከሒሳብ ማውጣት ነው።

በ1537 ኦዋሪ በተባለ አውራጃ ከተራ ቤተሰብ የተወለደው ሂዴዮሺ በ1598 ሲሞት የተወው ትልቁ ነገር ለእኔ መዝገቡ ነው። በየማሳው የአራሹ ስም ተጻፈ፤ በአንድ መሬት ላይ ተደራርቦ የኖረው የባለመብት ብዛት ተቆረጠ። መስፍንም በቁጥር ስለተተመነ ከአገሩ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ቀለለ፤ ኢዬያሱ ራሱ በ1590 ወደ ምሥራቁ የካንቶ አካባቢ የተዛወረው እንዲሁ ነው። በኋላ የኢዬያሱ ቤተሰብ በገዛበት በቶኩጋዋ ዘመን ቁጥሩ ከማሳው ጨርሶ እስከ መለያየት ደረሰ። በሰሜን የነበረው የማትሱማዔ ግዛት ሩዝ አያበቅልም ነበር፤ የሚኖረው የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከአይኑ ጋር በሚያደርገው ንግድ ነበር። ጌታው ግን በ10 ሺህ ኮኩ ማዕረግ ከመሳፍንት ጋር ይሰለፍ ነበር።