«ህልም መሆኑን አውቄ ነበር» ስንል ምን ያህል ነው ያወቅነው?

የማትሪክ ፈተና ህልምን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ከጨረሱ ስንት ዓመት ያለፋቸው ሰዎችም ያዩታል። እኔ ዘንድ የሚመጣው እንዲህ ነው። ፈተና ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ አድሚሽን ካርዴ የለም፣ ፈታኙ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። አንድ ሌሊት እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ «ቆይ፣ እኔ እኮ ከተመረቅኩ ቆየሁ፣ ይሄ ህልም ነው» አልኩ። በደንብ ነው ያልኩት። ከዚያስ? ካርዱን መፈለጌን ቀጠልኩ። ቦርሳዬን ዘርግፌ፣ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያራገፍኩ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ ፈለግኩ። ህልም መሆኑን ላወቀ ሰው ካርድ ምን ያደርግለታል?

ስነቃ ይሄ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሉሲድ ድሪሚንግ ስለሚባለው ነገር፣ ማለትም እያለሙ ህልም መሆኑን ስለማወቅ፣ ማንበብ የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ስለዚህ ያወራል፣ ግን ብዙው የተዛባ ነው። በተለይ ይሄ የመጀመሪያው።

«ወይ ታውቃለህ ወይ አታውቅም»

አይደለም። ሰው እንደ አምፖል ያስበዋል፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። እውነቱ ግን ኃይል ሲያንሰው ደብዝዞ እንደሚበራ አምፖል ነው፤ አንዳንዴ ቦግ ይላል፣ አንዳንዴ ጭል ጭል ይላል፣ ሳታስቡት ደግሞ ድርግም።

ዲየርድሬ ባሬት የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1992 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያወጣችው ጥናት ይሄን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። «ህልም መሆኑን አውቄ ነበር» የተባለባቸውን ህልሞች ሰብስባ በ4 ነገር መዘነቻቸው። ሰውየው በህልሙ ያሉት ሰዎች የህልም ሰዎች መሆናቸውን ያውቃል? ዕቃዎቹ እውነተኛ እንዳልሆኑ ገብቶታል? የተፈጥሮ ሕግ እንደማያስረው፣ ግድግዳ ማለፍም እንደሚችልስ? ከህልሙ ውጭ ያለውን ሕይወቱን በትክክል ያስታውሳል? እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ግማሽ ያህሉ ህልሞች አሟሉት። አራቱንም በአንድ ላይ ያሟሉት ግን ከሩብ በታች ነበሩ።

የኔን ህልም በዚህ ብመዝነው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የያዝኩት። መመረቄን አስታውሻለሁ። ፈታኙ ግን እውነተኛ ፈታኝ ነበር፣ ቦርሳውም እውነተኛ ቦርሳ፣ ካርድ ከሌለኝም አልገባም። ስለዚህ አንድ ሰው «ሉሲድ ሆንኩ» ሲላችሁ «ምኑን አወቅክ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሁለት ሰዎች መልስ አንድ አይሆንም።

ደግሞ አንዴ ከታወቀ በኋላ ይዘልቃል ማለትም አይደለም። መሀል ላይ ይጠፋል። «ነቃሁ» ብላችሁ ተነስታችሁ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ ቡና ቀድታችሁ፣ ያየሁትን ህልም ልንገርሽ ብላችሁ ለእህታችሁ ስታወሩ፣ እሱም ህልም ሆኖ ይገኛል። ውሸተኛ መንቃት ነው። ከአንድ ደቂቃ በፊት የነበራችሁ ዕውቀት እዚያ ጋ የለም።

«ካወቅክ የፈለግከውን ታደርጋለህ»

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይሄ ነው። ማወቅና መቆጣጠር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተመራማሪዎቹ እነ ኡርዙላ ፎስ በ2013 ባዘጋጁት የህልም መለኪያ ላይ እንኳን ህልም መሆኑን ማወቅ ለብቻው፣ መቆጣጠር ለብቻው ነው የሚለካው። ህልም መሆኑን አጥርቶ አውቆ፣ ለመብረር ሞክሮ መሬት ላይ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ህልም መሆኑን ፈጽሞ ሳያውቅ እንደ ወፍ የሚበር አለ። ልጅ ሆነን አብዛኞቻችን እንደዚያ በረናል። ስለዚህ መቆጣጠር አቃተኝ ብላችሁ «ሉሲድ አልነበርኩም» አትበሉ። ነበራችሁ።

«ወሬ ነው፤ ሰውየው ግማሽ ነቅቶ ነው»

ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር። ብልሃቱ የተገኘው በዓይን ነው። ጥልቅ ህልም በምናይበት፣ ሬም (REM) በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ወቅት አብዛኛው ጡንቻችን ይታሰራል፣ ዓይን ግን ይንቀሳቀሳል። በሚያዝያ 1975 እንግሊዝ አገር ሃል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪት ኸርን የተባለ ተመራማሪ፣ አለን ወርስሊ ከተባለ ሰው ጋር ተስማማ፤ ህልም ውስጥ መሆንህን ስታውቅ ዓይንህን ግራና ቀኝ እያልክ አሳየኝ አለው። መሣሪያው ሰውየው ተኝቶ እንዳለ እያሳየ፣ የዓይኑ ምልክት መጣ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቲቨን ላበርጅ ለብቻው በስታንፎርድ ተመሳሳዩን አደረገ።

በ2021 ደግሞ የ4 አገር ቤተ ሙከራዎች አንድ ላይ ሆነው የተኙ ሰዎችን ጥያቄ ጠየቁ። አንዱን ወጣት «ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ?» አሉት። ተኝቶ እያለ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ አደረገ። ይሄን ሳነብ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ግን ቁጥሩንም ተመልከቱ፦ ትክክለኛ መልስ የመጣው ከሙከራዎቹ በ18 በመቶው ያህል ነው፤ በ60 በመቶው ምንም መልስ አልመጣም። አንዳንዱ ህልመኛ ጥያቄውን ከመኪና ሬዲዮ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር የሰማው። የመጀመሪያው ነጥብ እዚህም መጣ ማለት ነው፦ ማወቁ ደረጃ አለው።

«ለተመረጡ ሰዎች የተሰጠ ነው»

በ2016 የብዙ ዓመታት ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ 55 በመቶ ያህሉ ሰው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ አይቶታል። በየወሩ የሚያየው 23 በመቶ ያህል ነው። ጎረቤታችሁን ጠይቁ።

«እዚያው ትቀራለህ፤ ዱካክ ይይዝሃል»

ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባል የለ። እዚያው የሚቀር ሰው የለም፣ የሬም እንቅልፍ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ዱካክ የምንለው፣ ነቅተን ሳለ ሰውነታችን ከእስሩ ሳይፈታ የሚሰማን መጫን ነው፤ በጣም ያስፈራል፣ ግን ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለልምምድ ብለው በየሌሊቱ አላርም ሞልተው እንቅልፋቸውን የሚቆራርጡ ወጣቶች አሉ። ይሄ ይጎዳል። ደግሞ እውንና ምናብ የሚምታታበት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻለዋል።

«በህልም አንድ ደቂቃ ዓመት ነው»

ይሄም አይደለም። ህልመኞች በዓይን ምልክት እየሰጡ ሲቆጥሩ፣ ጊዜው ነቅተው ከሚቆጥሩት ጋር ተቀራራቢ ነው። ቁጭ ብድግ መሥራትማ በህልም እንዲያውም ይበልጥ ጊዜ ወስዷል።

እና ጠዋት ህልማችሁን ስትጽፉ «ሉሲድ ነበር» ብላችሁ አትዝጉት። ምኑን አወቅኩ፣ ምኑ አመለጠኝ፣ የት ላይ ጠፋብኝ ብላችሁ ጻፉ። የማትሪኩ ህልም ባለፈው ሰሞን ተመልሶ መጥቶብኝ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ «ህልም መሆኑን አወቅኩ። ካርድ መፈለግ ተውኩ። ፈታኙን ግን ይቅርታ ጠየቅኩት።»