ውሃ ወተት አይሆንም፤ ስለ ፍየል ግት የሚወሩ ስህተቶች

«ብዙ ውሃ ከጠጣች ብዙ ትታለባለች።» ፍየል አርቢ በተሰበሰበበት ይህች ወሬ አትጠፋም። ጨው ያልሳሉ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ያጠጣሉ፣ ማታ ግቷን እየዳበሱ ይጠብቃሉ። በማግስቱ ልኩ ያው ነው።

ከወተት 87 በመቶ ያህሉ ውሃ መሆኑ እውነት ነው፤ የጠማት ፍየልም ወተቷ ይቀንሳል። ንጹሕ ውሃ ከፊቷ አይታጣ፣ የቆሸሸውን አፏን አታስነካውም። ግን ውሃውን ወደ ግት የሚስበው የወተቱ ስኳር፣ ላክቶስ ነው። የግቱ ሴሎች ከደም ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር ወስደው ላክቶስ ይሠራሉ፤ ላክቶሱ ውሃን ይጎትታል። የላክቶሱ ልክ ምን ያህል ወተት እንደሚወጣ ይወስናል። ለ1 ሊትር ወተት ወደ 70 ግራም ግሉኮስ ያስፈልጋል፤ 3 ሊትር የምትታለብ ፍየል በየቀኑ 210 ግራም ማለት ነው። ግሉኮሱ ከሌለ ትርፉ ውሃ ሽንት ሆኖ ይወጣል።

«እንግዲያው ስኳር በጥብጬ ላጠጣት» የሚልም አይጠፋም። ስኳሩን ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቀድመው ይበሉታል። የፍየል ግሉኮስ በአመዛኙ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ነው። መኖ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ ፕሮፒዮኔት የሚባል አሲድ ይወጣል፤ በተለይ ከእህል ብዙ ይወጣል። ጉበት ያንን ግሉኮስ ያደርገዋል። ስለዚህ ወተት የምትፈልጉ ከባልዲው ይልቅ ግርግሙን እዩ።

ፉርሽካ፣ የተፈጨ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉ። ከወለደች በኋላ በቀን 200 ግራም ጀምሩ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ 100 ግራም እየጨመራችሁ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ወደ 400 ግራም አድርሱት። ጧትና ማታ ተከፍሎ ይሰጣት፤ ድርቆሽ ይቅደም። በአንዴ ሳህን ሙሉ በቆሎ የሚደፋላት ጨጓራዋን በአሲድ ይሞላዋል፦ ማመንዠክ ታቆማለች፣ በጠጧ ቀጥኖ ተቅማጥ ይሆናል፣ ልትሞትም ትችላለች። ድርቆሽ ሲያንሳት ደግሞ የወተቱ ስብ ይወርዳል፤ ለስቡ ዋናው ግብዓት ድርቆሽና ገለባ ሲብላላ የሚወጣው አሴቴት የሚባል አሲድ ነውና።

«ግት ውስጥ የቀረ ወተት ለነገ ይጠራቀማል።» ተቃራኒው ነው። የቀረው ወተት ሴሎቹን «በቃ» ይላቸዋል፤ የሚላቸውም እዚያው ጎን ያሉትን ብቻ ነው። ግልገሉ ግራውን ብቻ ከጠባ፣ ግራው እየሠራ ቀኙ ይነጥፋል። ወተቱ ክሩ ሲቀጥን ግቱን ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስቴ አሸት አድርጉና እንደገና አልቡ። ስብ የሚበዛው የመጨረሻው ላይ ነው።

«ግልገሏ ካልቀረበ አታወርድም።» ይህ ከአገራችን ላም የተወሰደ ልማድ ነው። ፍየል አብዛኛውን ወተቷን ከጡቱ በላይ ባለው ከረጢት ስለምታጠራቅም ከተላመደች ያለ ግልገል ትታለባለች። እንግሊዝ አገር ባብራም የምርምር ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፍየል ግት ከነርቩ ተለይቶ አንገት ላይ ተተክሎ ነበር፤ እዚያም ሆኖ ወተት ሰጥቷል።

«ግቷ ትልቅ ነው፣ ትታለባለች።» ገበያ ላይ ፊታችሁ አሳልቧትና እዩት። እንደ ባዶ ከረጢት ከተጨማደደ ወተት ነበር፤ እንደሞላ ከቀረ ሥጋ ነው። ከጠነከረና ከጋለ የግት በሽታ ይኖርባታል፣ አትግዟት።

«የፍየል ወተት ላክቶስ የለውም።» ከ4 በመቶ በላይ አለው።

«ለጨቅላ ሕፃን የእናት ጡት ይተካል።» አይተካም፤ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ስለሚያንሰው ለደም ማነስ ይዳርጋል።

«የፍየል ወተት ተፈጥሮው መሽተት ነው።» አውራውን ከሚታለቡት አርቃችሁ እሰሩ፤ የአለባችሁትን ወዲያው አጥልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ቅመሱት።