ስማቸውን ለማናውቃቸው፦ የካቲት 12ን በጸሎት ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የካቲት 12 በደረሰ ቁጥር በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ አባት አርበኞች ይሰለፋሉ። ከሰዓት በኋላ ታክሲው እንደ ወትሮው አደባባዩን ይዞራል። ቀኑ ወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓልም ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንውለው በቤተ ክርስቲያን ነው። የሰማዕታቱን ነገር ግን ለመንግሥትና ለአርበኞች ማኅበር ትተነዋል። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ነገሩ የጀመረው በምጽዋት ነውና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ በወረራው ዘመን አገራችንን በኢጣሊያ ስም ይገዛ የነበረው ግራዚያኒ ለኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደ ለድሆች ገንዘብ አድላለሁ ብሎ ሕዝቡን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሰበሰበ። ዓይነ ስውሩ በመሪው ተይዞ፣ አካሉ የተጎዳው በምርኩዙ ተደግፎ መጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን ሲያቆስሉት ወታደሮቹ በዚያው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። እጁን ለምጽዋት የዘረጋ ሰው ከነተዘረጋ እጁ ወደቀ። ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ የፋሽስት ታጣቂዎች ለሦስት ቀን ተለቀቁ፤ ሰው በውስጡ ያለበትን ጎጆ ቤንዚን እያርከፈከፉ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቅርቧል። በቁጥሩ የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ነውና ይከራከሩ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ፣ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከሴረኞቹ ጋር አብራችኋል ተብለው ተረሸኑ።

ጌታችን ምጽዋት ስትሰጥ በፊትህ መለከት አታስነፋ ያለውን (ማቴ. 6፥2) እናውቀዋለን። የግራዚያኒ ምጽዋት ከመጀመሪያውም መለከት ነበረ። ድሀው የተጠራው ለገዢው ክብር ማሳያ እንዲሆን ነው፤ ለማሳያ የተጠራ ሰው ደግሞ ነገሩ ሲበላሽ ዋጋ የለውም። የእኛስ ምጽዋት? ካሜራ ካልቀረጸው የማይሰጥ እርዳታ እየበዛ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ጳውሎስ በኋላዬ ያለውን እየረሳሁ ብሏል፤ ያለፈውን ምን ያነሣሣናል?» ይላሉ። ምዕራፉን ከፍ ብለን እናንብበው። ሐዋርያው ረሳሁት ያለው የራሱን ትምክህት ነው፦ ከብንያም ወገን መሆኑን፣ ፈሪሳዊነቱን፣ በሕግ ያለ ነቀፋ መኖሩን (ፊልጵ. 3)። ቤተ ክርስቲያንን ማሳደዱንማ አልረሳም፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች በገዛ እጁ ጽፎታል (1ኛ ቆሮ. 15፥9)። ክብሩን ረሳ፣ የሌላውን ደም አልረሳም። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። መዝሙረ ዳዊትም ደምን የሚመራመር አምላክ እንዳሰበ፣ የድሆችንም ጩኸት እንዳልረሳ ይናገራል (መዝ. 9፥12)። ደምና ድሀ በአንድ ጥቅስ! የካቲት 12ን የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል በቀላሉ አንብቦ አያልፈውም።

ማሰብ ማለት ግን ቂም ማርባት አይደለም። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም (ሕዝ. 18፥20)። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለምነው ነበር። ከእልቂቱ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ የተቃጠለበት ሰው አመዱን ገና ጠርጎ አልጨረሰም። ቀላል ልመና አልነበረም፤ ቀላል ነው ብሎ የሚሰብክ ሰው ቤቱ ተቃጥሎበት አያውቅም።

እኔ በአንድ ዓመት የሙታን ስም የሚጻፍበትን ወረቀት ይዤ ቀርቤ፣ የአያቶቼን ስም ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶዬ ቆመ። የንስሐ አባቴን «አባ፣ ክርስትና ስማቸውን ለማላውቃቸው ምን ልጻፍ?» አልኳቸው።

«ስማቸውን አንተ ታውቃለህ ብለህ ጻፍ፤ እርሱ አይጠፋውም» አሉኝ። «ስማቸውን ልታውቅላቸው የምትችላቸው ግን ከበሩ ላይ አሉ።»

ያን ጊዜ ገባኝ ማለት አልችልም። ከቅዳሴ ስወጣ ግን በቅጥሩ ጥግ ነጠላ አንጥፈው ከሚቀመጡት አንዲት እናት አጠገብ ጎንበስ ብዬ፣ በኪሴ ያለችኝን ሳንቲም ሰጥቼ፣ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። በስንት ዓመቴ! ቀና ብለው አዩኝ። ክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ፤ ትንሽ ራቅ ስል ደግሞ እንዳልረሳው ጠርተው ደገሙልኝ።