«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለማን ነው?

ስለ ናዚ አዲስ ፊልም በወጣ ቁጥር፣ ወይም «የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ፊልም ይሠራበት» የሚል ሰው በተነሣ ቁጥር፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ ወሬውን የሚዘጋ አይጠፋም። ተረቱ ያለ ቦታው ነው የሚጠቀሰው።

ካለፈ በኋላ መፎከርን እንደሚነቅፍ ማንም ያውቃል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ውሻው ዝም ባለበት ሰዓት ላይ ነው። ከብት ያለው ገበሬ በረቱን በእሾህ ያጥራል። ግራሩ ይቆረጥና ግንዱ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ጫፍ ወደ ውጭ ሆኖ ይደረደራል፤ ጅብ ነክሶ የሚጎትትበት እንዳያገኝ ነው። በሩም የሚዘጋው በትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የመጨረሻው ሰው ከገባ በኋላ ግንዱን ይዞ ከውስጥ ይስበዋል። አጥሩ የሚከዳው ሲያረጅ ነው። ምስጥ ይበላዋል፣ ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ሲሟሽሽ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጅብ በዚያች አፈሩን ጭሮ ይገባል። ጥጃው እቤት ውስጥ ያድራል፤ ውሻው ግን ደጅ ነው።

ውሻ ጅቡ ሩቅ ሳለ ይጮሃል። ሲቀርብ ጅራቱን ወሽቆ ግድግዳ ሥር ይለጠፋል፤ ጅብ ውሻም ይበላልና። ስለዚህ መደቡ ላይ ለተኛው ባለቤት ማስጠንቀቂያው ጩኸቱ አይደለም፤ የጩኸቱ ድንገት መቋረጥ ነው። በእኔ ግምት ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ያንን ዝምታ ሰምቶ ያልተነሣ፣ ጠዋት ጊደሩን ያጣ ሰው ነው። ውሻውን እየሰደበ ራሱን ነው የሚወቅሰው። ውሻን ብቻ ለመሳደብ የተተረተ ነው የሚለው አይዋጥልኝም።

ሆሊውድን በዚህ ዓይን እንየው (ከየካቲት 12 በቀር ቀኖቹም ዓመታቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሂትለር በጥር 1933 ሥልጣን ሲይዝ ጀርመን ትልቅ የፊልም ገበያ ነበረች። የ1932ቱ የፊልም ደንብ አንቀጽ 15 የጀርመንን ክብር የሚነካ ፊልም የትም ይሥራው የት፣ ኩባንያው ጀርመን ውስጥ የማሳየት ፈቃዱን እንዲያጣ ያደርግ ነበር። በሎስ አንጀለስ የጀርመን ቆንስል የነበረው ጌኦርግ ጊስሊንግ ይህን አንቀጽ ይዞ ስቱዲዮዎቹን ያስፈራራ ጀመር። ዋርነር ብራዘርስ በ1934 ከጀርመን ወጣ፤ ፓራማውንት፣ ፎክስና ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እስከ 1940 ቆዩ። የወጣውም ቢሆን አፉን አልከፈተም። በ1937 ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ የሠራው ፊልም ዋና ጉዳዩ አይሁዳዊው የፈረንሳይ መኮንን ድሬፉስ በአይሁድ ጥላቻ በሐሰት የተከሰሰበት ክስ ነው፤ ሆኖም «አይሁዳዊ» የሚለው ቃል ከአንድም ተዋናይ አፍ አይሰማም። ወረቀት ላይ ተጽፎ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ያልፋል። ያ ነው የውሻው ዝምታ። ናዚን በስሙ የሚከስ የትልቅ ስቱዲዮ ፊልም የመጣው በ1939 ነው።

ጅቡ እያለ የጮኸም ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ በሐምሌ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። ቻፕሊን ሂትለርን ያላገጠበትን ፊልም በራሱ ገንዘብ ሠርቶ በጥቅምት 1940 ሲያወጣ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። በኋላ ግን የማጎሪያ ካምፖቹን ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። ከጊዜው ቀድሞ የጮኸው ሰው ነው ይህን ያለው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ጩኸት ቀላል ነው፤ ጉዳቱም አለው። ያ የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ፣ ፊት ላይ ያለው ጠባሳ፣ ያ የሚያንባርቅ መኮንን፣ ጅብ ሁልጊዜ እያጓራ የሚመጣ ያስመስለዋል። ጥር 20 ቀን 1942 በርሊን አጠገብ ቫንዜ ሐይቅ ዳር የተሰበሰቡት 15 የናዚ ባለሥልጣናት ናቸው፤ ስምንቱ የዶክትሬት ዲግሪ ነበራቸው። ስለ 11 ሚሊዮን አይሁድ ዕጣ፣ የየሀገሩ ቁጥር በዝርዝር ቀርቦላቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነጋግረው ተበተኑ። ቃለ ጉባኤውን ያዘጋጀው አይክማን ነው። ጩኸት ለምዶ ያደገ ተመልካች እንዲህ ያለውን ስብሰባ ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ አይለየውም።

ወደ ተረቱ ልመለስ። ወቀሳው መጮህ እየቻለ ዝም ላለ ነው፤ ለስቱዲዮው፣ ለማኅበሩ፣ መደቡ ላይ ለተኛው። የተነከሰው ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ቢናገርም «ዘገየህ» አይባልም። ለየካቲት 12 ሟቾች ልጅ ይህን ተረት የሚወረውር ሰው ተረቱንም አያውቅም፣ ነውርም አያውቅም።

ደግሞስ በእኛ ጉዳይ ጅቡ መቼ ሄደ? ግራዚያኒ በ1950 ጣሊያን ውስጥ 19 ዓመት የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ እንጂ አዲስ አበባ ላይ በሠራው አይደለም፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። ሊቢያ ውስጥ የሠራውን የሚያሳየው የ1981 ፊልም በጣሊያን «የጦሩን ክብር ይነካል» ተብሎ ታገደ፤ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ የመታሰቢያ ሐውልት ተሠራለት።