«99 በመቶ ትክክል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጅማ ውስጥ ላም የሚያረቡ ጎረቤቴ «በአንገት የሚታሰረው መሣሪያ የላሟን ባህሪ 99 በመቶ በትክክል ይለያል ይባላል፤ ታዲያ ምን ቀረው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ቁጥሩ ግን በቀላሉ ያሳስታል።

መሣሪያው ላሟን አያያትም። በሦስት አቅጣጫ የሚሰማውን የፍጥነት ለውጥ በየሰከንዱ ደጋግሞ ይመዘግባል። ዝም ብላ ስትቆም እንኳ የመሬት ስበት ስለሚሰማው አንገቷ ወደ ሣር ማዘንበሉን ያውቃል። ስታመሰኳ ደግሞ መንጋጋዋ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይመታል፤ ያላመችውን ውጣ ሌላ እስክታመጣ ምቱ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ጸጥታ ነው፤ ማመስኳትን ከግጦሽ የሚለየውም አንዱ ምልክት እሱ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከእንዲህ ዓይነት ምልክቶች ተምሮ ላሟ ምን እያደረገች እንደሆነ ይገምታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «ትክክለኛነት» ከጠቅላላው ግምት ልክ የሆነው ድርሻ ብቻ ነው። ቀኑ 1,440 ደቂቃ አለው። ላሟ ከዚህ ውስጥ 14 ደቂቃ ውሃ ጠጣች እንበል። ቀኑን ሙሉ «አልጠጣችም» የሚል ፕሮግራም 1,426 ደቂቃ ልክ ይሆናል፤ ይኸው 99 በመቶ! መጠጣቷን ግን አንድም ጊዜ አላየም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ በእርግጥ ከጠጣችባቸው ደቂቃዎች ስንቱን አገኘ? «ጠጣች» ካላቸውስ ስንቱ እውነት ነበር? ጎረቤቴ ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩ፦ «የተፈተነው በተማረባት ላም ነው ወይስ በሌላ?» በተማረባት ከሆነ፣ የእሳቸውን ላም ገና አያውቃትም።